ፔድሮን ይዞ መሸነፍ

ሐዋሳ ውስጥ የቤዝቦል ቡድን አለኝ ስል ሰው ይስቃል። እውነትም ሜዳ የለንም። ዱላም፣ ጓንትም፣ ኳስም የለንም። ያለን አሥራ ሁለት ስልክና አንድ የውይይት መድረክ ነው። ሰባታችን ሐዋሳ ነን፣ አራቱ አዳማ ናቸው፣ አንዱ የት እንዳለ ተናግሮ አያውቅም።

ጨዋታው በኮምፒውተር የሚመሰል ነው። በአሜሪካ ትልቁ ሊግ የተጫወተን ማንኛውንም ሰው፣ በሕይወት ይኑርም አይኑር፣ በመረጥከው ዓመት ብቃቱ ትገዛዋለህ። ለ25 ተጫዋች 80 ሚሊዮን የጨዋታ ዶላር ይሰጥሃል። ከዚያ ኮምፒውተሩ በየቀኑ ሦስት ጨዋታ እያጫወተ 162ቱን በ54 ቀን ይጨርሳል። የእኛ ሥራ ጠዋት ቡና እስኪፈላ ውጤት አይቶ መናደድ ነው።

ላልለመደው ሁለት ቃል ልበል። ፒቸር ማለት ኳሷን የሚወረውረው ሰው ነው፤ እኛ ወርዋሪ እንለዋለን። አንድ ጨዋታ ዘጠኝ ኢኒንግ አለው፣ ዘጠኝ ዙር በሉት። ኢአርኤ የሚባለው ቁጥር ደግሞ የተከላካዮቹ ስህተት ሳይታሰብ ወርዋሪው ላይ በዘጠኝ ኢኒንግ በአማካይ ስንት ነጥብ እንደተቆጠረበት ይነግርሃል። ሲያንስ ነው የሚሻለው። ከሁለት በታች ከሆነ ሰውዬው ጉድ ነው። ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ባለፈው ሳምንት አንድ ማታ፣ ፒያሳ አካባቢ ስልክ የሚጠግነው ልጅ መድረኩ ላይ አዲስ ክር፣ ማለትም አዲስ የውይይት ርዕስ ከፈተ። ጽሑፉ ረጅምና የተናደደ ነበር። ባጭሩ፣ ፔድሮን ይዞ እንዴት ይሸነፋል ነው የሚለው።

ዝርዝሩን አስቀመጠው። መነሻ ወርዋሪዎቹ አራት ናቸው። የ2000ው ፔድሮ ማርቲኔዝ፣ ኢአርኤው 1.74። የ1995ቱ ግሬግ ማደክስ፣ 1.63፤ ያን ዓመት 19 አሸንፎ 2 ብቻ የተሸነፈ። የ2014ቱ ክሌይተን ከርሾ፣ 1.77። የ2018ቱ ጄከብ ዲግሮም፣ 1.70። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል የሚገቡት ሦስቱ ደግሞ ይብሳሉ። የ2005ቱ ማሪያኖ ሪቬራ 1.38፣ የ1990ው ዴኒስ ኤከርስሊ 0.61፣ የ2016ቱ ዛክ ብሪተን 0.54። ከ80 ሚሊዮኑ ግማሹን ያህል በእነዚህ ሰባት ሰዎች ላይ አፍስሶታል።

እስከ 115ኛው ጨዋታ ድረስ አንደኛ ነበር። ከዚያ ወዲያ ቤቱ ፈረሰ። ከቀሩት 47 ጨዋታዎች 34ቱን ተሸነፈ። ኮምፒውተሩ ሆን ብሎ ይሆን የሚሠራው ብሎ ጠረጠረ። መሪ ሲገኝ ወደ ታች የሚጎትት ነገር ሳይኖረው አይቀርም ባይ ነው። ማስረጃ ያለው ያምጣ ብሎ ዘጋ።

መልስ ቁጥር 1 ከአዳማ መጣ፤ ጨዋ መልስ ነው። አይዞህ፣ ዝርዝርህ ያምራል፣ ዕድል ነው አለው። ይህ ሰው ለሁሉም ነገር ዕድል ነው ይላል። ሻምፒዮን የሆነ ጊዜ ግን ዕድል አላለም።

ቁጥር 2 ወርዋሪዎቹ ምንም አላጠፉም፣ ችግሩ መቺዎቹ ናቸው አለ። ዲግሮምን ጠራ። በ2018 ኢአርኤው 1.70 ሆኖ ያሸነፈው 10 ጨዋታ ብቻ ነው፣ 9 ተሸንፏል፤ ቡድኑ ነጥብ አላመጣለትም ነበር። ገንዘቡን ሁሉ ክንድ ላይ ጨርሶ ዱላውን ለማን እንደተወው ጠየቀው።

ቁጥር 3 እኔ ነኝ። ከቁጥር 2 ጋር ተስማማሁ፤ እንዲያውም አንድ አንቀጽ ጨመርኩበት። ተሳስቼ ነበር።

ቁጥር 4 የሒሳብ ሠራተኛዋ ናት። የምትጽፈው ትንሽ ነው፣ ከጻፈች ግን ክሩ ይዞራል። ስለ ብቃት አንድም ቃል አላነሳችም። ሰባቱ ሰዎች በተገዙበት ዓመት የወረወሩትን ኢኒንግ ብቻ ደመረችው፤ በዚህ ጨዋታ ሰው ያን ዓመት የሠራውን ያህል ነው የሚሠራልህ። ፔድሮ 217፣ ማደክስ 209 ከሁለት ሦስተኛ፣ ከርሾ 198 ከአንድ ሦስተኛ፣ ዲግሮም 217። አራቱ በድምሩ 842። ሪቬራ 78 ከአንድ ሦስተኛ፣ ኤከርስሊ 73 ከአንድ ሦስተኛ፣ ብሪተን 67። ሁሉም ሲደመር 1,060 ከሁለት ሦስተኛ።

ከዚያ 162ን በዘጠኝ አባዛች፤ 1,458 መጣ። ልጁ ያለው 1,061 ገደማ ነው። ያንን ለዘጠኝ ስታካፍለው 118 ጨዋታ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ክንድ የለም ማለት ነው። ልጁ ቤቱ የፈረሰው ከ115ኛው በኋላ ነው ብሎ ራሱ ጽፏል። ኮምፒውተሩ የጎተተው ነገር የለም፣ ጎተራው ነው ያለቀው አለች።

ምሳሌዋን ሁላችንም ወደድነው። እናቷ ዓመቱን ሙሉ ማኛ ጤፍ የመብላት አቅም አልነበራቸውም። ማኛ ብቻ የሚገዛ ቤት ሰኔ ላይ እንጀራው ነጭ ነው፣ ነሐሴ ላይ ግን ማሰሮው ባዶ ነው። እናቷ ሰርገኛ ገዝተው ያስፈጩ ነበር፤ ማኛውን ለእንግዳና ለበዓል ያስቀምጡታል። ፔድሮ ማኛ ነው። ችግሩ ልጁ ሰርገኛ አልገዛም።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ በክሩ ውስጥ ብዙ ኢኒንግ የሚወረውር ሰው ስሙ ሰርገኛ ሆነ። እኔም ከዚህ በታች በዚያው እጠራዋለሁ።

ቁጥር 5 አራሚያችን ነው። በየክሩ አንድ አራሚ አይጠፋም። 1,458 ትክክል አይደለም አለ። እንግዳ ቡድን ሲሸነፍ ባለሜዳው ዘጠነኛውን አይመታም፤ ስለዚህ እንግዳው የሚወረውረው ስምንት ኢኒንግ ብቻ ነው። በሌላ በኩል እኩል ሲሆን ተጨማሪ ዙር አለ። እውነተኛው ቁጥር 1,440 አካባቢ ነው አለ። ማደክስ ላይም ማስታወሻ ጨመረ። በ1994 በጀመረው የተጫዋቾች አድማ ምክንያት የ1995ቱ ዓመት ዘግይቶ ተከፈተና ቡድኖቹ የተጫወቱት 144 ጨዋታ ብቻ ነው። ሰውዬው ኢኒንጉ ያነሰው ሰንፎ አይደለም።

ቁጥር 6 እሷ ናት። እሺ፣ 18 ቀንሱልኝ አለች። አሁንም ወደ 380 ይጎድላል።

ቁጥር 7 ላይ የክሩ ባለቤት፣ ስልክ ጠጋኙ ልጅ ተመለሰ። አላመነም። ፔድሮ እስከ መጨረሻው ቀን ይወረውር ነበር፣ ኮምፒውተሩ አልከለከለውም አለ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የገባን። ጨዋታው ኢኒንጉ ያለቀበትን ሰው አያባርርም፤ ያደክመዋል። ከስሙ ጎን መቶኛ አለ። 100 ከሆነ ትኩስ ነው፣ ሲወርድ እየዛለ ይሄዳል፣ ኳሱም ይመታል። ልጁ የፔድሮ ስም ጎን 61 የሚል ቁጥር አይቶ ነበር። የደጋፊዎች እርካታ መስሎት አለፈው።

ቁጥር 8 ምሕረት አላደረገለትም። ቀኑን ሙሉ የሰው ስልክ ባትሪ እየቀየርክ 61 በመቶ ምን እንደሆነ አታውቅም ወይ አለው። ሃያ የሚሆን ሳቅ ተከተለ። ልጁ ለሁለት ሰዓት ጠፋ።

ቁጥር 9 አዳማ ያሉት ጋሼ ናቸው። ከሁላችንም በዕድሜ ይበልጣሉ፣ ሁሉም እርስዎ ነው የሚላቸው። ወደ ሌላ ወሰዱን፣ ግን ማንም አልተቆጣም። አዳማ ገና ናዝሬት በምትባልበት ዘመን የሰላም ጓድ አሜሪካዊ አስተማሪ ነበራቸው። የመጀመሪያዎቹ በ1962 ነው ኢትዮጵያ የገቡት። የእሳቸው አስተማሪ አንድ የቆዳ ጓንት ይዞ መጥቷል። ልጆቹን አሰልፎ ማን በደንብ እንደሚወረውር ሲፈትን፣ ከገጠር የመጡት ልጆች አስተማሪውን ራሱን አስደነገጡት። ማሳ ውስጥ ማማ ላይ ቆመው ወፍ ሲጠብቁ ያደጉ ናቸው። በወንጭፍ የለመደ ክንድ ነው።

ከቁጥር 10 እስከ 12 ወንጭፍና ገና ሆነ። አንዱ ገና ቤዝቦል ነው አለ። ሌላው ገና ሆኪ ነው እንጂ ቤዝቦል አይደለም፣ ዱላ ስላለው ብቻ አንድ አይሆንም አለ። ጋሼ ሁለታችሁም የተጫወታችሁ አትመስሉም ብለው ጨረሱት። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ የሚባለው ለጨዋታው እንጂ ለመድረክ ክርክር አልመሰለኝም።

ቁጥር 13 ወደ ቁም ነገሩ መለሰን። ስሙን ትቼ ሥራውን ልናገር፤ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ፈረቃ ነው የሚሠራው፣ የሚጽፈውም ሌሊት ነው። ሰርገኛ ፍለጋ ሰነዶቹን አገላብጦ ሁለት ሰው ይዞ መጣ።

አንደኛው የ1972ቱ ዊልበር ዉድ ነው። 376 ከሁለት ሦስተኛ ኢኒንግ ወርውሯል። 49 ጨዋታ ጀምሯል። ኢአርኤው 2.51፤ እንደ ፔድሮ አይደለም፣ ግን ፔድሮን ደርቦ ከግማሽ በላይ ይጨምራል። ሰውዬው ናክልቦል ነበር የሚወረውረው። ኳሷን በጣት ጫፍ ይዞ እንዳትሽከረከር አድርጎ ይለቃታል፤ እሷም አየር ላይ እንደሰከረ ሰው ትንገዳገዳለች። ፍጥነት ስለማይጠይቅ ክንድ አይጨርስም። በ1973 እንዲያውም በአንድ ቀን የተደረጉ ሁለት ጨዋታዎችን ሁለቱንም የጀመረው እሱ ነው። ሁለቱንም ተሸነፈ።

ሁለተኛው በዚያው በ1972 የተጫወተው ስቲቭ ካርልተን ነው። 346 ከአንድ ሦስተኛ ኢኒንግ፣ ኢአርኤ 1.97። ቡድኑ ፊላዴልፊያ ዓመቱን ሙሉ ያሸነፈው 59 ጨዋታ ነው፤ 27ቱ የእሱ ናቸው። ቁጥር 13 ይህን ሲጽፍ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ማኛም ሰርገኛም የሆነ ሰው ይኸው አለ። እኔ ይህን መልስ ሦስቴ አነበብኩት።

አንድ ነገርም አስረዳ። የድሮዎቹ አራት ሆነው ነበር የሚፈራረቁት፤ አንዳንዴም ሦስት። አምስት ሰው ተራ መግባት እየተለመደ የመጣው ከ1970ዎቹ ወዲህ ነው። ስለዚህ የቅርብ ዘመን ሰው ስትገዛ 200 ኢኒንግ ነው የምትገዛው፣ ምንም ያህል ጉድ ቢሆን። የአራት ሰው ተራ በዘመናዊ ወርዋሪዎች መሥራት የባጃጅ ሞተር ለአይሱዙ መግጠም ነው አለ።

እስከዚህ ድረስ ፀባያችን ጥሩ ነበር።

ቁጥር 14 ኤድ ዋልሽን አመጣ። የ1908 ዋልሽ 464 ኢኒንግ ወርውሯል። 40 ጨዋታ አሸንፏል። ኢአርኤው 1.42። እሱን አንድ ሰው ገዝቶ መተኛት ነው አለ። ቁጥር 15 ተነሣበት። ዋልሽ ኳሷ ላይ ምራቅ ይቀባ ነበር፤ ምራቅ መቀባት በ1920 ተከልክሏል። በዚያ ላይ የዚያ ዘመን ኳስ የሞተ ነው፣ ማንም አርቆ አይመታውም። ምራቅ ገዝቶ ሻምፒዮን የሚሆን ሰው አያሳፍረውም ወይ አለ።

ቁጥር 16 በዚያን ጊዜ የተፈቀደ ነገር ነው፣ ሕግ ወደ ኋላ አይሠራም ብሎ ተከላከለ። ቁጥር 17 ደግሞ ቁጥር 15ን ባለፈው ዙር የ1968ቱን ቦብ ጊብሰን ይዘህ ስታሸንፍ የት ነበርክ አለው። ጊብሰን ያን ዓመት 1.12 ነበር፣ 304 ከሁለት ሦስተኛ ኢኒንግ። ግን ወርዋሪው የሚቆምበት ጉብታ ያኔ 38 ሳንቲሜትር ነው። መቺዎቹ ስላለቁ በሚቀጥለው ዓመት ወደ 25 አወረዱት። ምራቅና ጉብታ ምን ለያቸው ነው የሚለው።

አራሚያችን ቁጥር 18 ላይ ለማስታረቅ ሞከረ፣ ዘይት ጨመረ። ኮምፒውተሩ እኮ ሁሉንም ከራሱ ዘመን ጋር ነው የሚያወዳድረው አለ። በ1968 በጊብሰን ሊግ የሁሉም አማካይ ኢአርኤ 3 አካባቢ ነበር። በ2000 በፔድሮ ሊግ ወደ 5 ይጠጋ ነበር። 1.74 ከ5 ጎን ሲቆም፣ 1.12 ከ3 ጎን ከሚቆመው ይበልጣል። በአንድ ኢኒንግ ፔድሮ ይሻላል፣ በዓመት ጊብሰን ይሻላል። ይህ በእውነት ጥሩ ነጥብ ነበር። ቁጥር 15 ግን ያነበበው አልመሰለኝም። አራሚውን የቁጥር ደብተራ ብሎ ሰደበው። አራሚውም በአባቱ መጣ። ቁጥር 19 እና 20ን አጥፍቻቸዋለሁ፤ የመድረኩ ጠባቂ እኔ ነኝ።

ድምፅ እንስጥ አልን። ከሚቀጥለው ዙር ጀምሮ ከ1920 በፊት የተጫወተ ሰው አይገዛም የሚለው ሰባት ለአምስት አለፈ። ዋልሽ ተሰናበተ። ቁጥር 14 ድምፁ ተጭበርብሯል አለ፤ አሥራ ሁለት ሰው ውስጥ እንዴት ተደርጎ እንደሚጭበረበር ግን አላስረዳም።

ቁጥር 21 ድንገት ሌላ ጥያቄ ጠየቀ። የቤትህ ሜዳ የቱ ነው? ባለቤቱ እስካሁን ሳይናገረው የቀረ ነገር ነው። እያንዳንዳችን ካሉት ሜዳዎች አንዱን እንመርጣለን፤ ኮምፒውተሩም የሜዳውን ጠባይ ያስባል። ቁጥር 22 ላይ ልጁ መለሰ። ኩርስ ፊልድ ነው አለ።

ዝም ተባለ። ከዚያ ሁሉም አንድ ላይ ጮኸ።

ኩርስ ፊልድ ደንቨር ነው ያለው፣ ለወርዋሪ ሲኦል ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 1,580 ሜትር ገደማ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ኳስ አይይዝም፤ የተመታች ኳስ ሩቅ ትሄዳለች። የምትታጠፍ ኳስም እንደ ልብ አትታጠፍም። ሜዳው በ1995 ሲከፈት የነጥብ ጎርፍ ነበር። ከ2002 ጀምሮ ኳሶቹን እርጥበቱ በሚቆጣጠር ክፍል ማስቀመጥ ጀመሩ፤ በደረቅ አየር የሚደርቅ ኳስ ይበልጥ ስለሚነጥር ነው። በዓለም ላይ ውድ የሆኑትን ክንዶች ገዝቶ እዚያ ማቆም ማለት ቁጥር 23 እንዳለው አዲስ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ሽሮ መብላት ነው።

ለምን መረጥከው ሲባል የልጁ መልስ ልቤን ነካው። ሜዳው ከፍታ ላይ ነው ሲባል ሐዋሳን አስታወሰው። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ናት። ከኛ ጋር የሚመሳሰል ሜዳ አገኘሁ ብሎ ነው።

ከቁጥር 24 እስከ 28 ማንም ወደ ሮቴሽን፣ ማለትም ወደ ወርዋሪዎቹ ተራ አልተመለሰም። እዚያ ሜዳ ላይ፣ ከላይኛው ወንበሮች መሃል አንድ ረድፍ ሐምራዊ ተቀብቷል፤ ልክ አንድ ማይል ከፍታ ላይ መሆኑን ለማሳየት። አሜሪካኖቹ በ1,609 ሜትር ይህን ያህል ከተኩራሩ ሐዋሳ ስታዲየም ውስጥ ሣሩን ራሱን ሐምራዊ መቀባት ነው አለ አንዱ። አዳማዎቹ እኛም ከደንቨር አናንስም ብለው ገቡበት። ነፋሳችሁን አትርሱ ተባሉ፤ አዳማ የነፋስ ተርባይን የተተከለላት ከተማ ናት፣ የተመታች ኳስ መተሐራ ትገኛለች። ሐዋሳ ላይ ደግሞ ኳሷ ሐይቁ ውስጥ ትወድቅና አሞራ ገደል ላይ ዓሣ አጥማጅ ይዟት ይወጣል። ጋሼ እዚህ ጋ ዓሣ ለብለብ የሚጋብዛቸው ካለ በሚቀጥለው ቅዳሜ እንደሚመጡ አሳወቁ። ሦስት ሰው ተመዘገበ።

ቁጥር 29 እንግዳ ነው። እንደ ሰው የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ፋንታሲ ለምን አትጫወቱም አለን። እዚያም ሮቴሽን አለ። በ100 ሚሊዮን ፓውንድ 15 ተጫዋች፣ ከእነሱ ውስጥ ሁለት በረኛ። ሁለት ርካሽ በረኛ ትገዛና ቀላል ጨዋታ ያለውን በየሳምንቱ ታሰልፋለህ። ቁጥር 30 ሰላምታም ሳይሰጠው መንገዱን አሳየው። እኔ ብሆን አላባርረውም ነበር። የሒሳብ ሠራተኛዋም እንደኔ ሳታስብ አልቀረችም፤ ቁጥር 31 ላይ ልዩነቱን በትህትና ነገረችው። ሃላንድ 38ቱንም ጨዋታ ቢሰለፍ ጨዋታው ደከመህ አይለውም። እዚህ ግን የገዛኸው ሰው ያን ዓመት የሠራውን ያህል ብቻ ነው የሚሠራልህ። ሰው አትገዛም፣ የሰውን ድካም ነው የምትገዛው አለችው። እንግዳው ግን አልተመለሰም።

ቁጥር 32 ላይ የራሴን ኃጢአት ተናዘዝኩ፤ ልጁ ብቻውን ሞኝ እንዳይመስለው ነው። ባለፈው ዙር እኔ የሠራሁት ተቃራኒውን ነው። 1,700 ኢኒንግ ገዛሁ፣ ሁሉንም በርካሽ። ዙሩ ሊያልቅ ሲል ወርዋሪዎቼ ሁሉ ትኩስ ነበሩ። ትኩስ ሆነው ይደበደቡ ነበር። ጎተራው ሞልቶ እህሉን ነቀዝ በልቶታል። ከ12 ቡድን 11ኛ ወጣሁ፤ 12ኛ የወጣው ሰው በመሃል የይለፍ ቃሉን ረስቶ ነበር።

ከዚያ የተማርኩትን አካፈልኩ። ኢኒንግ ሁሉ እኩል አይደለም። 9 ለ 1 እየተመራህ ሰባተኛው ኢኒንግ ላይ ሪቬራን ማስገባት ማኛ ለዶሮ መበተን ነው። ኮምፒውተሩን ካላዘዝከው ግን ያደርገዋል። ስለዚህ ከ100 እስከ 130 ኢኒንግ የሚወረውሩ፣ ዋጋቸው ወለል የሆነ ሁለት ሰዎች ይገዙና የሞተ ጨዋታ ላይ ብቻ እንዲገቡ ይታዘዛል። ኢአርኤያቸው 5 ቢሆን ለማን ግድ ይሰጠዋል? ጨዋታው ሞቷል። ለመነሻዎቹም በየጨዋታው ከዚህ ኳስ ቁጥር አትለፍ የሚል ገደብ ይቀመጥላቸዋል።

ቁጥር 33 የፈረቃው ሰው ነው፣ እንደገና ሌሊት። ዉድን ከገዛህ መቺ የሚያከሽፍ ሰው አልገዛህም፣ ኳሷ ትመታለች፣ ግን መሬት መሬቱን ትሄዳለች አለ። ስለዚህ ከኋላው እጅ ያለው ሰው ያስፈልጋል። ከ1980 እስከ 1992 በተከታታይ 13 ጊዜ የወርቅ ጓንት ሽልማት የወሰደውን ኦዚ ስሚዝን ጠቆመ። ዱላው ያን ያህል አይደለም፣ ስለዚህ ከትላልቆቹ መቺዎች ይረክሳል። ፔድሮ ከሆነ ግን ብዙውን ራሱ ስለሚያከሽፍ ከኋላው ማን እንደቆመ ያን ያህል አያሳስብም። ወርዋሪና ተከላካይ ለየብቻ አይገዛም የሚለው ነጥብ ከዚህ ክር ይዤው የወጣሁት ነው።

ቁጥር 34 እና 35 ስለ ቅዳሜው ዓሣ ነበሩ።

ቁጥር 36 ላይ ባለቤቱ አዲሱን ቡድን ይዞ ተመለሰ። ዉድ፣ ካርልተን፣ ጊብሰን። ሦስቱ ብቻ ከ1,027 በላይ ናቸው። ኤከርስሊንና ብሪተንን ለቀቀ፣ ሪቬራን አስቀረ። ሁለት ርካሽ ሰዎች፣ በድምሩ 130 ኢኒንግ። ሜዳውን ቀየረ። ማደክስን፣ ከርሾንና ዲግሮምን ሸኘ። ፔድሮን ግን አልለቀቀም። በዚያ ገንዘብ ሁለት ሰርገኛ ይገዛ ነበር፣ ሁላችንም ነገርነው። ልጁ ግን ፔድሮ የሚወረውርበትን ቀን እየጠበቀ ነው ሱቅ የሚከፍተው። በየአምስተኛው ጨዋታ፣ በቤት ሜዳ ብቻ እንዲወረውር አዘዘው። ለበዓል ማለት ነው።

የሒሳብ ሠራተኛዋ ደመረችው። ልክ 1,453። ከዚያ ሌላ አልጻፈችም። ከእሷ ይህ ጭብጨባ ነው።

አዲሱ ዙር ሰኞ ተጀመረ። ዉድ የመጀመሪያውን ጨዋታ አሸነፈ። ሦስተኛውን ፔድሮ አሸነፈ። ማክሰኞ ጠዋት ልጁ አዲስ ክር ከፍቶ ነበር፣ አሁንም ረጅምና የተናደደ። የዉድን ናክልቦል ተቀባዩ መያዝ አቅቶት ሦስት ጊዜ አምልጣው ነጥብ ተቆጠረበት። ሻል ያለ፣ በጣም ጎበዝ መቺም የሆነ ተቀባይ አግኝቻለሁ፣ ልግዛው ወይ ብሎ ነው።

ከአዳማ የመጣው መልስ ቁጥር 1 አይዞህ፣ ዕድል ነው አለው። ቁጥር 2 የሒሳብ ሠራተኛዋ ናት። ያ ተቀባይ በዚያ ዓመት ስንት ጨዋታ ነው የተሰለፈው ብላ ጠየቀችው። ይህን ስጽፍ ገና እያየ ነው።